አምባሰልን የተሸከሙ ሁለት ብቸኛ ሙዚቀኞች

ውጫሌ ሲባል ለብዙ ሰው ቶሎ የሚታወሰው በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል ነው። ውጫሌ የምትገኝበት አምባሰል ግን ከውሉ ይልቅ ርቆ የተጓዘ ነገር አለው፤ ስሙ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ከሚባሉት አራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ሁለቱ የተሰየሙት በወሎ ቦታዎች ነው። ተራራው ከሐይቅ በላይ ቆሞ ይታያል። ስሙ ግን ዋሽንግተን ውስጥ በካሴት ተቀርጿል።

ቅኝቱ አምስት ድምፆች አሉት። ከመነሻው ግማሽ ድምፅ ብቻ ከፍ ይልና ድንገት ሰፊ ዝላይ ይዘላል። ሆድ የሚያባባው ያ መጀመሪያ ላይ ያለው ጠባብ እርምጃ ነው። የጃፓን የቆየ ሙዚቃም በዚሁ ርቀት የተደረደሩ አምስት ድምፆች ያሉት መሰላል አለው። የሩቅ አገር አድማጭ አምባሰልን ሲሰማ የማያውቀው እንግዳ ነገር ሁሌ አይሆንበትም ማለት ነው።

ይህ ጽሑፍ አምባሰልን በተለያየ መንገድ የነኩ የሁለት ሰዎችን የተቀረጸ ሥራ ይመለከታል። ሁለቱ አብረው ተጫውተው አያውቁም። አንዷ መነኩሲት ናቸው፤ ሌላው የሆቴል ባንድ መሪ የነበሩ። የሚያገናኛቸው ሁለቱም ብቻቸውን፣ በውጭ አገር መሣሪያ፣ ማንንም የማይመስል ሙዚቃ መቅረጻቸው፣ ከዚያም ለዓመታት ተረስተው በሌላ ሰው እጅ መገኘታቸው ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያዋ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። በ1923 አዲስ አበባ ተወለዱ፤ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተማሩ። በጣልያን ወረራ ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው አሲናራ ደሴት ታሰሩ። ከነፃነት በኋላ ካይሮ ሄደው ከፖላንዳዊው ሙዚቀኛ አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ተማሩ። ለንደን ሄደው የመማር ዕድላቸው ሳይሳካ ሲቀር ግን በ19 ዓመታቸው ሁሉን ጥለው ግሸን ማርያም ገቡ።

ግሸን ደግሞ አምባሰል ውስጥ ናት። በየዓመቱ መስከረም 21 ሕዝብ የሚጎርፍባት፣ በጥንት ዘመን የነገሥታት ልጆች የተጠበቁባት የመስቀል ቅርጽ ያላት አምባ። እማሆይ እዚያ አሥር ዓመት ያህል ጫማም ሙዚቃም ትተው በጸሎት ኖሩ። ከአውሮፓ መምህራን የተማሩት እጅ ያን ያህል ጊዜ ፒያኖ አልነካም። ከዚያ በኋላ ጎንደር ሆነው የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጠኑ። ቤት አጥተው የሚማሩ የቆሎ ተማሪዎችን አይተው እነሱን ለመርዳት ሲሉ በ1967 ጀርመን አገር የመጀመሪያ ሸክላቸውን አሳተሙ። ያ ፒያኖ የአውሮፓ ክላሲክ ነው ሲሉት ወደ ቅኝት ይሄዳል፤ ቅኝት ነው ሲሉት ምቱን ለቆ እንደ ዜማ መምህር ይተነፍሳል። ምደባ አይቀበልም።

ሁለተኛው ኃይሉ መርጊያ ናቸው። በ1946 ደብረ ብርሃን ተወለዱ፤ በልጅነታቸው በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል ጀመሩ፤ በኋላ አዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል የሚጫወተውን የዋልያስ ባንድ መሩ። በ1977 የወጣው «ጨ በለው» የተሰኘው አልበማቸው ዛሬም ይደመጣል። ባንዱ በ1981 ለጉዞ አሜሪካ ሲሄድ ኃይሉ እዚያው ቀሩ።

በ1985 አንድ አነስተኛ ስቱዲዮ ገብተው ያለ ባንድ፣ ያለ ዘፋኝ አንድ ካሴት ቀረጹ። በልጅነታቸው የተማሩትን አኮርዲዮን አወጡ፤ ከሙግ፣ ከሮድስና ከያማሃ ዲኤክስ 7 ኪቦርዶች ጋር ደራረቡት። ካሴቱ «ሸሞንሟናዬ» ይባላል። ውስጡ ካሉት ሥራዎች አንዱ ደግሞ «አምባሰል» የሚል ርዕስ አለው። አኮርዲዮን አገር ቤት ከኦርጋን በፊት የነበረ፣ በ1985 ግን ፋሽኑ ያለፈበት መሣሪያ ነው። ኃይሉ ያረጀውን ከአዲሱ ማሽን ጋር አጋቡት። ከዚያ ታክሲ መንዳት ጀመሩ። ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቁ ኪቦርዳቸውን ከመኪናቸው አውጥተው ይለማመዱ ነበር።

የሁለቱም ሥራ እንዴት ተመለሰ? የእማሆይ ፒያኖ በ2006 «ኢትዮፒክስ» በሚባለው የፈረንሳይ ተከታታይ ሕትመት 21ኛ ቅጽ ሆኖ ወጣ። በ2023 በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ሲያርፉ የዓለም ጋዜጦች ስለ እሳቸው ጻፉ። ከዕረፍታቸው በኋላም በ2024 «ሱቬኒርስ» የተሰኘ አልበም ወጣ፤ በ1977 እና በ1985 መካከል በተራ ቴፕ የቀረጹት፣ በአማርኛ ራሳቸው የሚያዜሙበት ነው። የኃይሉ ካሴት ዕጣ የባሰ ነበር። አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ውስጥ አገኘው፤ ባለቤቱን ፈልጎ ደወለ፤ በ2013 እንደገና ታተመ። ኃይሉ ከዚያ በኋላ ወደ መድረክ ተመለሱ፤ በ2018 እና በ2020 አዳዲስ አልበሞችም አወጡ።

እዚህ ላይ ሁለት የተለመዱ አስተያየቶች ይሰማሉ። አንደኛው «ፈረንጅ ሀብታችንን ወሰደ» የሚል ነው። ይህ ግን ግማሽ እውነት ነው። ካሴቱ የተገኘው እኛው ገበያ ውስጥ፣ እኛው ዘንድ ነበር። ማንም አልደበቀውም፤ የፈለገው ሰው ጠፍቶ እንጂ። ሁለተኛው «ዓለም አወቀን፣ በቃ» የሚል ነው። ይህኛው የበለጠ አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም ምርጫውን ለሌላ ጆሮ ይተዋል።

የፒያኖውና የአኮርዲዮኑ ሥራ በቀላሉ ድንበር የተሻገረበት አንዱ ምክንያት ቃል አለመፈለጉ ነው። ቶኪዮ ወይም ብሩክሊን ያለ አድማጭ አማርኛ ሳያውቅ ያጣጥመዋል። እርግጥ ነው የውጭ አሳታሚዎች ዘፋኞችንም አትመዋል። አምባሰል ግን ከሁሉ በፊት የቃል ጥበብ ነው። የአምባሰል ዘፋኝ ሰምና ወርቁን እያፈራረቀ፣ በአንድ መስመር ወዳጁን አንስቶ በሌላው ዘመኑን ይወቅሳል። ከወሎ ላሊበላ ኪነት የወጣችውን የማሪቱ ለገሰን ድምፅ የሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። ያ ጥበብ ከውጭ የሚመጣ ሰብሳቢን እየጠበቀ ሊቀመጥ አይችልም፤ ሰብሳቢው ቢመጣም ግማሹን አይሰማውም። የካሴት ክር ደግሞ አይጠብቅም፤ ይደርቃል፣ ይሻግታል፣ በላዩ ሌላ ይቀረጽበታል።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም፤ እዚያው ሐይቅ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የሐይቅ እስጢፋኖስ አበምኔት አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳማቸው ወንጌል አስጻፉ። በዚያ ወንጌል ውስጥ ለገዳሙ የሰጧቸው መጻሕፍት ዝርዝር ይገኛል። ማተሚያ ቤት ባልነበረበት፣ እያንዳንዱ ብራና የበግ ወይም የፍየል ቆዳ በሚጠይቅበት ዘመን አንድ የደሴት መነኩሴ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን አለን?» እንደሆነ ገብቶት ነበር።

ዛሬ ሐይቅም ደሴም ከዚያ ይልቅ ቀላል ሥራ ነው የሚጠብቃቸው። በወሎ ሰዎች የተቀረጹ ካሴቶችና ሸክላዎች ዝርዝር፦ ማን ዘፈነ፣ ማን አጀበ፣ መቼ ተቀረጸ፣ ቅጂው ማን ቤት አለ። ይህ ሕንፃ አይጠይቅም፤ ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣንም አያስፈልገውም። ደሴ ላይ ወሎ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ተማሪ አለ፤ አሮጌ ካሴት በሳጥን ያስቀመጡ እናቶችና አባቶች አሉ። ዝርዝሩ ካለ መቅዳቱ፣ ማሳተሙ፣ የባለመብቱን ድርሻ ማስከበሩ ይከተላል። ዝርዝር ከሌለ ግን የጠፋውን እንኳ ምን እንደነበር አናውቀውም።

እማሆይና ኃይሉ ዕድለኞች ናቸው፤ ፈላጊ መጣላቸው። አምባሰልን ያንጎራጎሩት ሌሎቹ፣ ስማቸው በካሴት ሽፋን ላይ ደብዝዞ የቀረው፣ ፈላጊያቸው ከሩቅ አይመጣም። ከዚሁ ከሐይቅ፣ ከውጫሌ፣ ከደሴ መነሳት አለበት። ቤታችሁ ውስጥ አሮጌ ካሴት ካለ ከመጣላችሁ በፊት ሽፋኑን አንብቡት።