ግድግዳ ላይ የቀረው መድኃኒት፦ የዲዲቲ ታሪክ በኢሉባቦርና በጎረቤቶቿ

እስቲ አያቶቻችሁን ጠይቁ። በኢሉባቦር ቆላማ ቀበሌዎች ያደጉ ከሆነ «የወባ ሰዎች» የሚባሉትን ሳያስታውሱ አይቀሩም። እነዚህ ሰዎች የመርጫ ፓምፕ በትከሻቸው አንግበው ከቤት ወደ ቤት ይዞሩ ነበር። ከመርጨታቸው በፊት ምጣዱ፣ መሶቡ፣ እህሉና መኝታው ተለቅሞ ወደ ውጭ ይወጣል። ረጭተው ሲሄዱ የጭቃው ግድግዳ ላይ ነጣ ያለ ዱቄት የመሰለ ነገር ይቀራል። ያ ነገር ዲዲቲ ነው። ሰው ግን «መድኃኒት» ነበር የሚለው።

መድኃኒት ከሆነ ታዲያ ምግቡ ለምን ከቤት ይወጣ ነበር? ጥያቄዋ ቀላል ትመስላለች፤ መልሷ ግን የ80 ዓመት ታሪክ አለው።

ዲዲቲ መጀመሪያ በላቦራቶሪ የተሠራው በ1874 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ነፍሳትን እንደሚገድል ያወቀው ግን ስዊዘርላንዳዊው ኬሚስት ፖል ሙለር ሲሆን፣ ጊዜውም 1939 ነበር። በ1948 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ሽልማቱ የተሰጠውም በሕክምና ዘርፍ ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ በ1958 ኢትዮጵያ ውስጥ ከባድ የወባ ወረርሽኝ ተነሣ። በግምት 3 ሚሊዮን ሰው ታመመ፤ 150,000 ያህሉ ሞተ። አስደንጋጩ ነገር ወረርሽኙ ቆላ ላይ ብቻ አለመቅረቱ ነው። ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ላይ ያሉ አካባቢዎችን ጭምር መታ። መቱ 1,600 ሜትር ገደማ፣ ጎሬ ደግሞ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ መሆናቸውን ስታስቡ፣ «ወባ የቆላ በሽታ ነው» ብሎ መተኛት እንደማይቻል ይገባችኋል። በማግስቱ ዓመት፣ በ1959፣ ወባን ለማጥፋት የሚሠራ አገር አቀፍ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ዋና መሣሪያውም ዲዲቲ ነበር።

በዚያን ዘመን ከጎሬና ከቡሬ ቁልቁል የሚወረድባት ጋምቤላ የኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት አካል ነበረች። ወባን በርጭት የመቆጣጠር ሥራ በአገራችን ቀድሞ ከተሞከረባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዷም እሷ ናት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የወባ ትንኝ ማታ ደም ትመጥና ለማረፍ ግድግዳ ላይ ትለጠፋለች። ዲዲቲው እግሯን ሲነካት ወደ ሰውነቷ ይገባና ነርቮቿን ያናውጣል፤ ትሞታለች። አንድ ጊዜ የተረጨ ግድግዳ ለወራት እየገደለ ይቆያል፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። ስንት ሕፃን በዚህ ምክንያት እንደዳነ አስቡት። ስለዚህ «ዲዲቲ ክፉ ነበር» ብሎ ታሪኩን መዝጋት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ችግሩ የመጣው ከዚያው ከተወደደለት ጠባዩ ነው፤ ቶሎ አይጠፋም። ፀሐይም፣ ዝናብም፣ የአፈር ባክቴሪያም በቀላሉ አያፈርሱትም። አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ደግሞ ውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም፤ የሚሟሟው ስብ ውስጥ ነው። ቅቤ የቆየበትን ቅል በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ለማጠብ ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? ውሃው ይፈሳል፣ ቅቤው ይቀራል። ዲዲቲም ሰውነታችን ውስጥ ስቡ ላይ ተጣብቆ ይቀራል እንጂ በሽንት ቶሎ አይወጣም።

ወንዝ ውስጥ ከገባ ደለሉ ላይ ይለጠፋል። ደለሉን ጥቃቅን ነፍሳት፣ እነሱን ዓሣ፣ ዓሣውን ወፍ ወይም ሰው ይበላል፤ በየደረጃው መጠኑ እየጨመረ ይሄዳል። የሶርና የገባ ወንዞች ውሃ መጨረሻው ባሮ ነው፤ ላይ የተጣለው ታች ላለው ይደርሳል። አሜሪካዊቷ ሬቸል ካርሰን በ1962 ባሳተመችው መጽሐፍ ይህን ጉዳይ ለሕዝብ ካስረዳች በኋላ ክርክሩ ጋለ። የአንዳንድ አዳኝ ወፎች እንቁላል ቅርፊቱ እየሳሳ ከመፈልፈሉ በፊት ይሰበር ነበር። በ1972 አሜሪካ ዲዲቲን ለእርሻ መጠቀምን ከለከለች።

እኛ ጋስ? ለወባ ተብሎ የመጣው ዲዲቲ ከግድግዳው አልፎ ሄደ። አንዳንዱ የጫት ማሳ ላይ ተረጨ፤ አንዳንዱ ነቀዝ እንዳይበላው ተብሎ በቆሎ ላይ ተነሰነሰ። ከበደሌ መንገዱን ይዘን ወደ ጎረቤት ጅማ ዞን ብንሻገር ማስረጃውን እናገኛለን። በ2014 የታተመ ጥናት እዚያ ከተሰበሰቡ የጤፍ፣ የበቆሎ፣ የበርበሬና የቡና ናሙናዎች ውስጥ ዲዲቲ አግኝቷል። ከዚያ በፊት በአንድ ዓመት የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በጅማ፣ በሰርቦና በአሰንዳቦ ከተሞች የእናቶችንና የላሞችን ወተት መረመረ። ሕፃናት በእናት ወተት በቀን የሚያገኙት ዲዲቲ በአማካይ በኪሎ ክብደታቸው 62 ማይክሮግራም ገደማ ሆኖ ተገኘ። ጥናቱ ያነጻጸረበት የዓለም ጤና ድርጅትና የፋኦ ገደብ 20 ነበር። ሦስት እጥፍ ማለት ነው!

እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ይህ «ጡት አታጥቡ» ማለት አይደለም። የእናት ወተት ለሕፃን አሁንም የሚተካከለው የለም። መልእክቱ፣ መርዙ ገና እናትየው ጋ ሳይደርስ ይቁም የሚል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም በ2015 ዲዲቲን «ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ተብሎ በብርቱ የሚገመት» ከሚላቸው ምድብ ውስጥ አስገብቶታል።

ታዲያ እንዴት ቆመ? አንደኛ፣ በሕግ። የስቶክሆልም ስምምነት በ2001 ተፈርሞ በ2004 ሥራ ላይ ሲውል፣ መጀመሪያ ከያዛቸው 12 ኬሚካሎች አንዱ ዲዲቲ ነበር፤ ለወባ ዓይነት በሽታ መከላከያ ብቻ ተፈቀደ። ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 ወጣ። ሁለተኛ፣ ትንኟ ራሷ ተላመደችው፤ በ2009 ገደማ የወባ ርጭቱ ወደ ሌሎች ኬሚካሎች ዞረ። ሦስተኛ፣ በየመጋዘኑ ተከማችቶ ጊዜው ካለፈበት የፀረ-ተባይ ክምችት ከ1,000 ቶን በላይ የሚሆነው ተለቅሞ በመርከብ ወደ ፊንላንድ ተላከና በልዩ ምድጃ ተቃጠለ። ሲገባ በርካሽ የገባው ሲወጣ ብዙ ገንዘብ ጠየቀ።

የቀረው የቤታችን ፋንታ ነው። ፀረ-ተባይ የነበረበትን ጀሪካን ለውሃ ወይም ለዘይት አትጠቀሙበት፤ አሥር ጊዜ ቢታጠብም ላስቲኩ ራሱ መርዙን ይመጣል። ሌላ ሰው አንሥቶ እንዳይጠቀምበትም ብሱት። ውሃ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ እንዲህ ያለውን ኬሚካል ያስወግዳል ብላችሁ አትተማመኑበት። የደፈረሰ ውሃ ግን ቢጠልና ቢጣራ ደለል ላይ የተጣበቀው ይቀንሳል። የአልጋ አጎበርን ወንዝ ውስጥ አትጠቡ፤ በኬሚካል የተነከረ ስለሆነ ዓሣ ይጎዳል። በቆሎው ጎምቢሳ ውስጥ እየነቀዘ ካስቸገረ፣ በደንብ አድርቆ አየር በማያስገባ ከረጢት ማስቀመጥ ነቀዙን ያለ መርዝ አፍኖ ይገድለዋል። «ለነቀዝ ፍቱን ነው» ተብሎ ገበያ ላይ በላስቲክ ተቋጥሮ የሚሸጥ፣ ስም የሌለው ዱቄት አትግዙ።

አንድ ደስ የሚል ነገር ደግሞ እንጨምር። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት፣ በ2015 የታተመ ጥናት፣ ቡና ሲታጠብ ከላዩ ያለው የፀረ-ተባይ ቅሪት ከፊሉ እንደሚለቅ፣ ሲቆላ ደግሞ አብዛኛው እንደሚጠፋ አሳይቷል። እንግዲህ መቱ ውስጥ ቡና አፍልታችሁ ስትጠጡ፣ እናቶቻችን ቡናውን አጥበው መቁላታቸው ለጣዕም ብቻ አልጠቀመም ማለት ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያዋ ጥያቄ እንመለስ። የወባ ሰዎች ምግቡን ከቤት ያስወጡ የነበረው ግድግዳ ላይ ሲሆን የሚያድነው ነገር መሶብ ላይ ሲሆን መርዝ እንደሆነ ስለሚያውቁ ነው። ያኔ ያልታወቀው፣ ዓመታት ቆይቶ መሶቡ ጋ የሚመለስበት ሌላ መንገድ እንዳለው ነበር። ዛሬ እናውቃለን። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ቤታችሁ ውስጥ «መድኃኒት» ተብሎ የተቀመጠ ጠርሙስ ስታዩ ጠይቁ፦ ለማን ነው መድኃኒት? ሥራውን ሲጨርስስ የት ይሄዳል?