ከክርስትና በፊት የተነሣ ፎቶ

የብዙ አዲስ አበቤ የልጅነት አልበም የሚጀምረው ከክርስትናው ቀን ነው። ወንድ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ይነሣሉ። ሐበሻ ቀሚስ የለበሰች እናት፣ የክርስትና እናት ወይም አባት የታቀፉት ሕፃን፣ ከኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ይታያሉ። በሙስሊሙ ቤት ደግሞ ስም የሚወጣበት ሰባተኛው ቀን አለ። ከዚያ በፊት ያሉት ቀናት በአልበሙ ውስጥ ቦታ አልነበራቸውም። በተክለ ሃይማኖት ሰፈርም ልማዱ ይኸው ነበር።

ለዚህ ምክንያቱ የካሜራ እጦት ብቻ አልነበረም። አራስ ቤት ዝግ ቤት ነው። አራሷ ብቻዋን አትተውም፤ ሕፃኑም ለመጣው ሁሉ አይገለጥም፣ የሰው ዓይን ይፈራለታል። ጠያቂው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ፣ ገንፎውን ቀምሶ፣ መርቆ ይወጣል እንጂ የልጁን ፊት ካላየሁ አይልም። ከልማዱ ሥር ሁሉም የሚያውቀው፣ ግን ማንም ደጋግሞ የማያነሣው ነገር ነበር፤ በእነዚያ ሳምንታት የሚሞቱ ሕፃናት ብዙ ነበሩ። በ1992 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከሚወለዱ 1000 ሕፃናት 49ኙ አንድ ወር ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ አሳይቶ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 33 ወርዷል። መውረዱ ደስ ያሰኛል፤ 33 ግን አሁንም ብዙ ነው።

የተክለ ሃይማኖት ሰፈር የተጠራበት ጻድቅ ራሱ ከጨቅላነቱ ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው። ገድሉ እንደሚተርከው፣ ልጅ አጥተው ከኖሩት ከጸጋ ዘአብና ከእግዚእ ኀረያ ተወልዶ በሦስተኛው ቀን አምላኩን አመሰገነ። ታኅሣሥ 24 ልደቱ በሚከበርበት ዕለት የሚታሰበው ይህ የሦስት ቀን ሕፃን ነው። ከተክለ ሃይማኖት አደባባይ ብዙም ሳይርቅ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይገኛል። እዚያም የሦስት ቀን ሕፃናት አሉ፤ የሚታዩት ግን በመስታወት ውስጥ ነው።

ከኢትዮጵያውያን ልጆች ሁሉ በካሜራ ቀድሞ ዝና ያገኘው ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ሳይሆን አይቀርም። መቅደላ በ1860 ዓ.ም. ከወደቀች በኋላ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። በዚያው ዓመት በዋይት ደሴት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለች እውቅ ፎቶ አንሺ አነሣችው። ዕድሜው ሰባት ነበር። አባቱ ሞተው፣ እናቱም በመንገድ ላይ አርፈው ነበር። በፎቶው ላይ ያለውን የዚያን ልጅ ዓይን ያየ ሰው ቶሎ አይረሳውም። ፎቶውን ያየው የእንግሊዝ ሕዝብ ነው፤ ከቤተሰቡ ግን አጠገቡ ሆኖ «ልጃችን» የሚል አልነበረም።

አዲስ አበባ የራሷን ፎቶ አንሺዎች ያገኘችው ከዚያ ብዙ ዘግይታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 የመጣው አርመናዊው ጴጥሮስ ቦያጂያን የአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ሙያውን ልጆቹ ወረሱ። መጀመሪያ መኳንንቱ፣ ቀስ በቀስም ነጋዴውና ሠራተኛው ፎቶ ቤት መግባት ጀመሩ። በተቀባ መጋረጃ ፊት ቤተሰቡ ይደረደራል፤ ሕፃኑ እናቱ ጭን ላይ ይቀመጣል፤ ከጀርባው «ለማስታወሻ» ተብሎ ቀን ይጻፍበታል። ያ ፎቶ የሚነሣው ለቤቱ ነበር። ፎቶውን ያዘዘው፣ የከፈለበትና ግድግዳ ላይ የሰቀለው ራሱ ቤተሰቡ ነው።

የልደታ ክፍለ ከተማና የአካባቢው ሆስፒታሎች ታሪክም ከወሊድ አይለይም። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን ለንደን ውስጥ በታዋቂው የሕፃናት ሆስፒታል በግሬት ኦርመንድ ስትሪት ነርስነት ተማረች። የነርስ ልብሷን ለብሳ የተነሣችው ፎቶ በወቅቱ ጋዜጦች ወጥቷል። በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነቀምት ላይ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም በ22 ዓመቷ ዐረፈች። የሕፃናት ነርስ የነበረችው ልዕልት የራሷን ልጅ ታቅፋ ፎቶ ሳትነሣ ቀረች። እንግሊዛዊቷ የኢትዮጵያ ወዳጅ ሲልቪያ ፓንክረስት እንግሊዝ ውስጥ ገንዘብ አሰባስበው፣ እ.ኤ.አ. በ1951 በስሟ ሆስፒታል ተከፈተ፤ ዛሬ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ሐኪሞቹ ባልና ሚስት ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን ሥራ የጀመሩትም እዚያ ነበር። የሲልቪያ ልጅ ሪቻርድ ፓንክረስት ደግሞ ከዴኒስ ዤራር ጋር ሆነው የኢትዮጵያን የድሮ ፎቶዎች የሚመለከት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1996 አሳተሙ። እናቲቱ ለሆስፒታሉ፣ ልጃቸው ለፎቶው መድከማቸው የሚገርም ግጥምጥም ነው።

ጥቁር አንበሳም መታሰቢያ ሆኖ ነው የተሠራው። በ1949 ዓ.ም. ለሞቱት የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ፣ ለሐረር መስፍን ልዑል መኮንን መታሰቢያ የታነጸው ሆስፒታል በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ጀመረ፤ ከአብዮቱ በኋላ በአርበኞቹ በጥቁር አንበሶች ስም ተጠራ። ሁለቱም ሆስፒታሎች ልጆቹን በቀበረ አባት ዘመን የቆሙ ናቸው።

በእነዚህ ሆስፒታሎች ያለ ጊዜያቸው የተወለዱና የታመሙ ሕፃናት የሚተኙበት «ሙቀት ክፍል» የሚባለው ነገር መነሻው ፓሪስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1880 አካባቢ ስቴፋን ታርኒዬ የተባለ የማሕፀን ሐኪም የከተማው መካነ እንስሳት ጫጩት የሚፈለፍልበትን ማሞቂያ አይቶ፣ ያንኑ የመሰለ ለሕፃናት አሠራ። ማሽኑ ሕይወት ማትረፉ ሲታወቅ ግን ሕፃናቱ ለሕዝብ መታየት ጀመሩ። ማርቲን ኩኒ የተባለ ሰው ኒውዮርክ አጠገብ በኮኒ አይላንድ የመዝናኛ ስፍራ ከ1903 እስከ 1943 እ.ኤ.አ. ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን በማሞቂያ ውስጥ እያሳየ 25 ሳንቲም ያስከፍል ነበር። ፖስት ካርድም ታትሞላቸዋል። ኩኒ በገንዘቡ ነርሶች ቀጥሮ፣ ከወላጆቻቸው ምንም ሳይቀበል ብዙ ሕፃናት ማዳኑ እውነት ነው፤ ይህ ሊካድ አይገባም። ፖስት ካርዱን የሚገዛው ግን የማያውቃቸው መንገደኛ ነበር።

በእኛም አገር ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በ1977ቱ ረሃብ ከኮረም ወደ ዓለም የተላለፈው ምስል እርዳታ አስገኝቷል፤ ስንቱንም አድኗል። ሆኖም በዚያ ምስል ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ እናቶች ስማቸው አልተጻፈም፤ የልጃቸውንም ፎቶ በእጃቸው አላገኙም። የታመመ ሕፃን ፎቶ ለለጋሽ ሪፖርት ሲሆን መንገዱ ይቀናል፤ ለእናቱ ሲሆን ግን የሚያስብበት አይገኝም። የዚህ ታሪክ ሁሉ እንከን ያለው እዚህ ላይ ነው።

በሙቀት ክፍል ውስጥ ያለ ሕፃን ለካሜራ የሚመች አይደለም። ክር ኮፍያው እስከ ቅንድቡ ይወርዳል፤ በአፍንጫው ቀጭን ቱቦ ገብቶ በፕላስተር ጉንጩ ላይ ተይዟል። ቆዳው ቢጫ ከሆነ ሰማያዊ መብራት ሥር ዓይኑ ተሸፍኖ ይተኛል። ስም ገና ስለሌለው በእጁ ላይ የሚታሰረው ምልክት «የአልማዝ ልጅ»፣ «የዘይነባ ልጅ» ብሎ የእናቱን ስም ይይዛል። የሚገባ ሰው ቀለበትና ሰዓቱን አውልቆ እስከ ክርኑ ይታጠባል። ስልክ ጀርም ይዞ ስለሚገባ መጽዳት አለበት፤ ፍላሽ ማብራትም አይገባም። እናት በቀዶ ሕክምና ወልዳ አንድ ሆስፒታል ተኝታ፣ ልጇ ወደ ሌላ ሲላክ ደግሞ የልጇን ፊት መጀመሪያ የምታየው አባት ባነሣው የስልክ ፎቶ ይሆናል። ልማዱ አርባ ቀን ይሸፍነው የነበረው ፊት እዚህ ገና በመጀመሪያው ቀን ይታያል። የሚያየው ግን ሊያየው የሚገባው ሰው ነው።

እናትን ከመስታወቱ ወዲህ ያሻገራት ሌላ ነገርም አለ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ውስጥ ማሞቂያ ያነሰባቸው ሐኪሞች ሕፃናቱን በእናቶቻቸው ደረት ላይ፣ ገላ ለገላ ማሳደር ጀመሩ። የሕፃናት ሐኪሙ ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው አሳዬ ካሤ ይህንኑ «የካንጋሮ እንክብካቤ» በአዲስ አበባ ሞክረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2005 አሳተሙ። ክብደታቸው ከ2000 ግራም በታች ከሆኑ ሕፃናት፣ ገና ከጅምሩ በእናታቸው ደረት ከታቀፉት የሞቱት 22.5 በመቶ ሲሆኑ፣ በተለመደው መንገድ ከታከሙት 38 በመቶው ሞተዋል። በዚያን ጊዜ ይህን ያህል ልዩነት ማሳየት ትልቅ ሥራ ነበር። ለፎቶም ቢሆን ከዚህ የተሻለ ምስል አይገኝም፤ ሕፃኑ እናቱ ደረት ላይ ነው፣ ሁለቱም ፊታቸው ይታያል።

ሁሉም ግን አይተርፍም። እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2018 በጥቁር አንበሳ፣ በጋንዲ፣ በቅዱስ ጳውሎስ፣ በጅማና በጎንደር ሆስፒታሎች በተካሄደ ጥናት፣ ያለ ጊዜያቸው ተወልደው ሙቀት ክፍል ከገቡት 3852 ሕፃናት 1109ኙ 28 ቀን ሳይሞላቸው ሞተዋል። ከእነሱ የክርስቲያን ልጆች የሆኑት፣ ወንዶቹም ሴቶቹም፣ የክርስትናቸው ቀን ሳይደርስ ነው የሄዱት። ቤተ ክርስቲያን ሞት ላሰጋው ሕፃን ቀኑ ሳይደርስ ጥምቀትን ትፈቅዳለች፤ የፎቶ ልማዳችን ግን ለእንዲህ ያለው ልጅ ያዘጋጀው ነገር የለም። እንዲህ ላለ ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ ድንኳን አይተከልም፤ ዕድርም አይጠራም። እናቲቱን «ሌላ ይተካልሻል» ይሏታል። ለቅሶ ላይ ፎቶ ይዞ በሚያለቅስ አገር የእሷ እጅ ባዶ ነው።

በአሜሪካ፣ ኮሎራዶ፣ ልጇን ያጣች አንዲት እናት ከአንዲት ፎቶ አንሺ ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ2005 ለእንዲህ ያሉ ቤተሰቦች በነፃ ፎቶ የሚያነሡ ፈቃደኞችን የሚያሰባስብ ድርጅት አቋቁማለች። የእኛ ሆስፒታሎች ይህን ለመጀመር ከውጭ አገር የሚመጣ ሰው መጠበቅ የለባቸውም። በየፎቶ ቤቱ ማተሚያ አለ፤ በነርሶቹ ኪስም ካሜራ ያለው ስልክ አለ። የሚያስፈልገው ጥቂት ሥርዓት ነው፤ መጀመሪያ እናትን መጠየቅ፣ እምቢ ካለች መተው፣ የሰው ዓይን ከፈራች ፍርሃቷን ማክበር፣ እሺ ካለች ደግሞ ያለ ፍላሽ አንሥቶ፣ አሳትሞ፣ ለሌላ ለማንም ሳያሳዩ ለእሷ መስጠት። በተክለ ሃይማኖትና በአካባቢው ያላችሁ ፎቶ አንሺዎች፣ ይህን ሥራ ከሆስፒታሎቹ ጋር ተነጋገሩበት።