ዶናልድ ሚኪና የሚማሩት የክብሪት ቀፎዎች

አሳቢ መኪና ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ትልቅ ገንዘብና ትልቅ ቤተ ሙከራ ነው። እንግሊዛዊው ሊቅ ዶናልድ ሚኪ ግን ከባዶ የክብሪት ቀፎዎች ከስሕተቱ የሚማር መሣሪያ ሠራ። የዚህን ሰው ታሪክ ባጭሩ ለአንባብያን አቀርባለሁ፤ ዘመኑም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ሚኪ በ1923 ዓ.ም. በበርማ አገር በራንጉን ከተማ ተወለደ። በኦክስፎርድ የጥንት ግሪክኛና ላቲን ሊማር ነፃ የትምህርት ዕድል ካገኘ በኋላ፣ ጊዜው የጦርነት ነበርና አገሩን ለማገልገል ተነሣ። ጃፓንኛ ሊማር ቢሄድ ክፍሉ ሞልቶ ስለ ቈየው የምስጢር ጽሕፈት መፍታትን ተማረ። በብሌችሊ ፓርክም የጀርመንን የምስጢር መልእክት ከሚፈቱት አንዱ ሆነ። በዚያ ከአላን ቱሪንግ ጋር ሰንጠረዥ እየተጫወቱ፣ መኪና ሊማር ይችላልን? እያሉ ይነጋገሩ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ በአይጦች የዘር ውርስ ላይ ተመራምሮ በ1953 የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ። ነገር ግን የቱሪንግን ሐሳብ አልረሳም። በ1961 በኤዲንበርግ ሳለ ኮምፒዩተር ስላልነበረው 304 የክብሪት ቀፎዎች አዘጋጀ። ጨዋታው በዘጠኝ ቤቶች ውስጥ ዜሮና መስቀል ተራ በተራ እየጻፉ ሦስቱን ማሰለፍ ነው። እያንዳንዱ ቀፎ የጨዋታውን አንድ ሁኔታ ያመለክታል፤ በውስጡ ያሉት ባለ ቀለም ዶቃዎችም የሚጻፍበትን ቤት ይነግራሉ። ቀፎውን ነቅንቀው የወጣውን ዶቃ ይከተላሉ። መሣሪያው ካሸነፈ በዚያ ቀለም ዶቃ ይጨመርለታል፤ ከተሸነፈ ግን ያው ዶቃ ይወሰድበታል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ቀፎዎቹ ብዙ ጊዜ ከተጫወቱ በኋላ ሠሪያቸውን ራሱን ለማሸነፍ በቁ።

ከዚህ በኋላ ሚኪ በኤዲንበርግ ዩኒቨርሲቲ የመኪና አእምሮ ጥናት ክፍልን መሠረተ። ፍሬዲ የተባለው ሮቦታቸውም በካሜራ እያየ የተደባለቁ ዕቃዎችን ለይቶ የመጫወቻ መኪና ይገጣጥም ነበር። ይሁን እንጂ በ1973 ሰር ጄምስ ላይትሂል ያቀረቡት ሪፖርት፣ ተመራማሪዎቹ ተስፋ የሰጡትን ያህል ፍሬ አላሳዩም ብሎ ነቀፋቸው፤ ለሥራውም የሚሰጠው ገንዘብ ተቀነሰ። ነቀፌታው ሁሉ ሐሰት አልነበረም፤ ተስፋው ከሥራው ቀድሞ ነበርና። ሚኪ በቴሌቪዥን ቀርቦ ተከራከረ፤ ጥናቱንም አልተወም፤ በ1980ዎቹ በግላስጎ የቱሪንግን ስም የያዘ ተቋም እስከ ማቋቋም ደረሰ። በ2007 በመኪና አደጋ ሲሞት፣ የቀድሞ ባለቤቱና የሥራ ጓደኛው የነበረችው አን መክላረንም አብራው ሞተች።

በ2016 አልፋጎ የተባለው ፕሮግራም የጎ ጨዋታ ሊቁን ሊ ሴዶልን 4 ለ 1 ሲያሸንፍ፣ ላሸነፈ መጨመር፣ ለተሸነፈ መቀነስ የሚለው ሐሳብ በውስጡ ነበረ።

እኛ ተማሪዎች በቀይ ቀለም የተሰረዘ መልስ ሲመለስልን አፍረን ወረቀቱን እንደብቃለን። አእምሮ የሌለው የክብሪት ቀፎ ከሽንፈቱ ከተማረ፣ አእምሮ የተሰጠን እኛ ስሕተታችንን ገልጠን ልናየው እንዴት አይገባንም?