ዝግተኛ ሂፕሆፕ

ዝግተኛ ሂፕሆፕ በደቂቃ በግምት ከ60 እስከ 90 ምት የሚሄድ የራፕ ሙዚቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የሂዩስተኑ ዲጄ ስክሩ የተቀዱ ዘፈኖችን እያዘገየ ለስልቱ ልዩ መልክ ሰጠው። የኢትዮጵያ ዜማም ለሂፕሆፕ እንግዳ አይደለም፤ ናስና ዴሚያን ማርሊ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት «አዝ ዊ ኤንተር» የሙላቱ አስታጥቄን «የግሌ ትዝታ» ተጠቅመዋል።

ዝግታ ለአማርኛ ግጥም የሚሰጠው ጥቅም ትልቅ ነው። «ገና» ሲላላ «እስካሁን»፣ ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው፤ ፈጣን ምት ይህን ልዩነት ይውጠዋል፣ ዝግተኛው ግን ሰሙንም ወርቁንም ያሰማል። በጎንደር ምድር አዝማሪ ይህን ጥበብ ከራፕ በፊት ያውቀዋል፦ አድማጭ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይወረውራል፣ እሱም በማሲንቆ እያጀበ ይመልሳል፤ በስንኞች መካከል ያለው ፋታ ቀጣዩን ማሰቢያ ነው።

ለአቀናባሪ፦ የተቀዳ ማሲንቆ እንደ ሸክላ ሲዘገይ ድምፁ ይወፍራል፤ ቅኝቱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ብቻ የሚቀንስ የኮምፒውተር ፕሮግራም ያስፈልጋል። ከበሮው ይሳሳ፤ ማሲንቆ ባለ አንድ ክር በመሆኑ ጥቅጥቅ ያለ ምት በቀላሉ ይሸፍነዋል።