ከሆለታ እስከ ሐረር፦ የመኮንኖቻችን ዕጣ

ታራዴል ቡና ላይ ተቀምጠን ጨዋታው ወደ ጦሩ ሲዞር አንዱ «መኮንንማ የድሮው ነበር» ይላል። ሌላው «አገሪቱን ያጠፏት እነሱ ናቸው» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም እውነት አላቸው።

የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች አሠልጣኝነት ተከፈተ። ዕጩ መኮንኖቹ ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ጠላት ገባ። ያም ሆኖ ከጥቁር አንበሳ ማኅበር ጋር ተሰልፈው፣ በሰኔ 1928 ነቀምቴ አጠገብ ቦነያ ላይ ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች አቃጠሉ።

በ1950 ዓ.ም. ደግሞ የሐረር ጦር አካዳሚ በሕንድ መኮንኖች መሪነት ማስተማር ጀመረ።

ከዚያ በኋላ የመጣው መራራ ነው። ከሐረር የተመረቁት ሜጀር ጄኔራል ደምሴ ቡልቶ፣ የሁለተኛው አብዮታዊ ሠራዊት አዛዥ፣ በግንቦት 1981 መፈንቅለ መንግሥቱ ሲከሽፍ አሥመራ ላይ ተገደሉ። የሆለታው ምሩቅ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በግንቦት 1982፣ 12 ጄኔራሎችን አስረሸነ። በዓመቱ ራሱ ወደ ዚምባብዌ ሸሸ፤ ሠራዊቱም ተበተነ።

የጎደለው ዕውቀት ወይም ጀግንነት አልነበረም። የጎደለው አዛዡን የሚጠይቅ ሕግ ነው። ለልጆቻችን ስለ ቦነያ ስንተርክ ይህንንም አንደብቃቸው።