የወታደር ሕግና የበረራ ፈቃድ

ከአሌክሳንድሪያ በሩት ዋን ወደ ደቡብ ሲወርዱ የሚገኘውን የቤኮን የገበያ ማዕከል የማያውቅ የማኅበራችን አባል ያለ አይመስለኝም። እኔም ስንቱን ደንበኛ ከነሸቀጡ ከዚያ አንስቻለሁ። ቦታው እስከ 1959 ድረስ (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ቤኮን ፊልድ የሚባል የአውሮፕላን ሜዳ እንደ ነበረ ያወቅሁት ግን ዘግይቼ ነው። የነገሩኝም ጋሼ የምላቸው የታክሲ ባልደረባዬ ናቸው። ጋሼ በደብረ ዘይት የሠለጠኑ የአየር ኃይል አብራሪ ነበሩ፤ በ1991 ሠራዊቱ ሲበተን ከመሪው ተለዩ። እኔ ደግሞ በዩኒቨርሲቲ የታሪክ ትምህርት ጀምሬ ያቋረጥሁ ስለሆንሁ ነገሩን ተከታተልሁት።

የአሜሪካ መንግሥት በ1944 ጂ አይ ቢል የተባለውን ሕግ አወጣ። ከጦርነት የተመለሰ ወታደር በመንግሥት ወጪ እንዲማር ሲፈቅድ የበረራ ትምህርትንም ጨመረ። በየሠፈሩ ያሉ ትናንሽ ሜዳዎች በተማሪ ተጥለቀለቁ። ብዙው ለእንጀራው ሳይሆን ለደስታው ነው የሚበረው የሚል ወቀሳ ስለ ተነሣ፣ በ1948 ኮንግሬስ ለመዝናኛ የሚሆን ሥልጠና በዚህ ገንዘብ እንዳይከፈል ከለከለ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በሩ ለሁሉም እኩል አልተከፈተም። ክላውድ ክለብ የተባለው የጥቁር አብራሪዎች ማኅበር በዚሁ በቤኮን ፊልድ እንዳይበር ስለ ተከለከለ፣ በ1941 በሜሪላንድ ክሩም በተባለ ገጠር፣ በፓተክሰንት ወንዝ አጠገብ፣ የራሱን ሜዳ አቋቋመ። ከጦርነቱ በኋላ ጆን ግሪን የተባሉ አብራሪ ኮሎምቢያ ኤር ሴንተር ብለው መሩት። ዛሬ መናፈሻ ነው። ለእኛ የቀረበው ጆን ሮቢንሰንም በቺካጎ የበረራ ትምህርት ቤት አልቀበልህም ሲለው በጽዳት ሠራተኛነት ገብቶ ትምህርቱን ያዳመጠ ሰው ነው። በ1935 አዲስ አበባ ደርሶ በጣልያን ወረራ ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል መራ፤ በ1944 ተመልሶ ልጆቻችንን አሠለጠነ፤ በ1954 በአውሮፕላን አደጋ ሞቶ እዚያው አገራችን ተቀበረ።

አሁን ወደ ጋሼ ልመለስ። ወደ መሪው የመመለስ አሳብ ከልባቸው ወጥቶ አያውቅም፤ ለዚሁም ከታክሲው ዓመታት ሙሉ ቆጥበዋል። ለኢትዮጵያ ሠራዊት የሰጡት አገልግሎት ግን በጂ አይ ቢል አይቆጠርም። ልጃቸው በአሜሪካ ጦር ሠላሳ ስድስት ወር ጨርሶ ሙሉ መብት አገኘ። ዘለው አቀፉት። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ከ2001 ወዲህ ላገለገሉት የወጣው ሕግ በሙያ የበረራ ትምህርት ቤት ለሚማር የሚከፍለው፣ ተማሪው መጀመሪያ የግል አብራሪነት ፈቃድና የጤና ማረጋገጫ ይዞ ሲመጣ ነው። የመጀመሪያው ፈቃድ እንደ መዝናኛ ይታያል፤ የ1948 ጥርጣሬ አልሞተም ማለት ነው። (በኮሌጅ የዲግሪ ትምህርት ውስጥ ሲካተት ነገሩ ይለያል። ልጅ ያላችሁ ወላጆች ከመመዝገቡ በፊት ይህን ጠይቁ፤ ልጁ ግን ኮሌጅ አልፈለገም።)

ለፈቃዱ ቢያንስ አርባ ሰዓት መብረር ያስፈልጋል፤ የአውሮፕላኑ ኪራይና የአስተማሪው ክፍያም ቀላል አይደለም። የጋሼ ቁጠባ ለአንድ ሰው እንጂ ለሁለት አይበቃም። ልጁ «አባባ፣ ቅድሚያ አንተ ተመለስ፤ እኔ ቀስ ብዬ እደርሳለሁ» አለ። ጋሼ ደግሞ «የእኔን ቀሪ ማንም አይከፍልም፤ የአንተን መንግሥት ይከፍላል» ብለው ተቆጡ። ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና ቤት ተቀምጠን እኔን ሽማግሌ አደረጉኝ። እውነቱን ለመናገር ለጋሼ ልፈርድ ዳድቶኝ ነበር። ዝም አልሁ። ገንዘቡን ለልጃቸው ሰጡት።

ልጁ ፈቃዱን አግኝቶ ቀሪውን ሥልጠና በጂ አይ ቢል ገፋበት። ባለፈው የጸደይ ወር ከጌትስበርግ ትንሽ ሴስና ተከራይቶ አባቱን ወደ ፍሬድሪክ አቅጣጫ ይዞ ወጣ። ታክሲዬን አቁሜ በአጥሩ አጠገብ ጠበቅኋቸው። ሲመለሱ ልጁ መሪውን ከፍሬድሪክ በላይ ለአባቱ ለቆላቸው እንደ ነበር ነገረኝ። ጋሼን እንዴት ነበር ብላቸው «ልጁ ሲያርፍ ትንሽ ይቸኩላል» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ አንድ ሰዓት ጨምረው ይሠራሉ፤ ለአርባው ሰዓት አዲስ ቁጠባ ጀምረዋል።