ከጎተራ እስከ ጓሳ፤ የመንዝ ቤት የቁጠባ ታሪክ

ታሪክ ሲባል በብዙዎቻችን አእምሮ ቀድሞ የሚደቀነው የነገሥታት ዜና መዋዕል፣ የጦር ሜዳ ውሎና የአዋጅ ድምፅ ነው። የመንዝ ታሪክም ሲነሣ ነገሩ ከዚህ አይርቅም። የሸዋ ነገሥታት የዘር ግንድ ከመንዝ መመዘዙ፣ ነጋሲ ክርስቶስ በ17ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ገደማ ከዚሁ ደጋ ተነሥቶ የሸዋን የመሳፍንት ቤት መመሥረቱ በየመጽሐፉ ተመዝግቧል። የዚያ ደጋ ገበሬና የቤት እመቤት ጥጋብንና ረኃብን እያፈራረቁ ሲያሳልፉ ጎጇቸውን በምን ብልሃት እንዳቆሙት ግን ተጠይቆ የሚነገረው እምብዛም ነው። ጎተራው፣ ምድጃው፣ እንዝርቱና የጓሳው ሣር ዜና መዋዕል ጸሐፊ አልነበራቸውም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ዝምተኛ ታሪክ በመጠኑ መዳሰስ ነው። ጥያቄውም ይህ ነው፤ በችግር ዘመን ቤትን ያቆመው ቁጠባ የእያንዳንዱ ሰው የግል ጠባይ ነበርን? ወይስ ኅብረተሰቡ በጋራ የሠራውና በጋራ ያስከበረው ሥርዓት? መልሱ ለትናንት ብቻ ሳይሆን ለዛሬም ይጠቅማል።

በመጀመሪያ አገሩን እንመልከት። መሐል ሜዳ ከደብረ ብርሃን ወደ ሰሜን፣ በጌራ ምድር፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ጌራ፣ ማማና ላሎ ተብለው የተከፈሉት የመንዝ ምድሮች በጥልቅ ሸለቆ የተቆራረጡ፣ ነፋስ የሚበረታባቸው፣ ዛፍ የሚያንሳቸው ደጋዎች ናቸው። ጤፍ በዚህ ከፍታ አይሆንለትም፤ የአገሩ እህል ገብስ ነው። ገብሱም ሁለት ጠላት አለበት። የመኸሩን ቡቃያ ውርጭ ይመታዋል፤ የበልጉን አዝመራ ደግሞ የዝናብ መቅረት ያከስመዋል። እንዲህ ባለ ምድር ላይ የሚኖር ሰው ክፉ ቀን እንደሚመጣ አይጠራጠርም፤ የማያውቀው መቼ እንደሚመጣ ብቻ ነው። ስለዚህም ቁጠባ ለመንዝ ሰው ችግር ሲመጣ የሚታሰብ ዘዴ ሳይሆን የዓመቱ ሁሉ የኑሮ ሥርዓት ሆነ።

የዚህ ሥርዓት የመጀመሪያው ምሽግ ጎተራው ነው። አውድማ ላይ የተመረተው እህል ቤት ሲገባ በሐሳብ ይከፋፈላል፤ ይህ ለቀለብ፣ ይህ ለግብር፣ ይህ ለዝክርና ለማኅበር፣ ይህ ለዘር። ከሁሉ የከበረው የዘሩ ድርሻ ነው። የዘሩን እህል ወደ ምጣድ መውሰድ የመጨረሻው እርምጃ ነበር፤ ዘሩን የበላ ቤት የከርሞውን አዝመራ ዛሬ በላው ማለት ነውና። ከጎተራው ወደ ጎታው፣ ከጎታው ወደ ወፍጮው የሚወጣውን እህል በቁናና በእፍኝ እየለካች የምታወጣው የቤት እመቤት ነበረች። ማንም ባይሾማትም የቤቱ በጅሮንድ እርሷ ነበረች።

ከጎተራው ቀጥሎ ማጀቱ ይመጣል። ገብስ ለቆጣቢ ማጀት የተመቸ እህል ነው። አንድ ጊዜ ምጣድ ተጥዶ የተቆላ ገብስ ቆሎ ሆኖ ለቀናት ይበላል። ተፈጭቶ በሶ ከሆነ በኋላ ደግሞ እሳት አይሻም፤ በውሃ ብቻ ተበጥብጦ ይጠጣል ወይም ተጨብጦ ይበላል። በሶ የዘማችና የመንገደኛ ስንቅ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በዓል ሲሆን ገብሱ ብቅል ሆኖ ጠላ ይጠመቅበታል፤ ከጠላው የሚተርፈው አተላም አይደፋም፤ ለከብት ይሰጣል። የተረፈ እንጀራ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ ይሆናል፤ ሥጋ በሚገኝበት ወቅትም ተዘልዝሎ፣ በጨውና በበርበሬ ታሽቶ፣ ቋንጣ ሆኖ ይሰቀላል። ጭዱና ገለባው የእንስሳ ቀለብና የግድግዳ ጭቃ ማቡኪያ ነው። በዓመት ውስጥ ምእመኑ የሚጾማቸው ከ180 ያላነሱ ቀናትም በመሠረቱ የሃይማኖት ሥርዓት ቢሆኑም፣ ቅቤውንና ወተቱን፣ በጉንና ዶሮውን ከዕለት ፍጆታ በማራቅ የቤቱን ሀብት ሲያቆዩ ኖረዋል።

ምድጃው ግን ሌላ ታሪክ ይነግረናል። እንጨት በሌለበት ደጋ ማገዶው ኩበት ነው። ሴቶችና ልጆች እበቱን ይለቅማሉ፤ በእጃቸው እየጠፈጠፉ ከፀሐይ ያሰጣሉ፤ ከደረቀም በኋላ ዝናብ እንዳይነካው ቆልለው ያቆያሉ። ከማገዶው የበለጠውን ድርሻ የሚወስደው እንጀራ መጋገር ስለሆነ፣ ምጣዱ አንዴ ከጋለ የብዙ ቀን እንጀራ በአንድ ጊዜ ይጋገራል። ሙቀትም ይቆጠባል፤ በብዙ ቤት ሰውና ከብት በአንድ ጣራ ሥር ያድራሉ፤ ሰው ከቆጡ ላይ፣ ከብቱ ከታች ሆኖ አንዱ በሌላው ትንፋሽ ይሞቃል። ይህ ሁሉ ብልሃት መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ ምድጃ ውስጥ የነደደው ኩበት ማሳው ላይ ሊወድቅ የሚገባው ፍግ ነበር። ለዛሬ እሳት ሲባል የነገው አፈር ይራባል። እንግዲህ ቁጠባ የሚመስል ነገር ሁሉ ቁጠባ እንዳልሆነ ምድጃው ራሱ ይመሰክራል፤ አንዳንዱ ከራስ መበደር ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ እያደር ደጋውን ሁሉ አዳርሶ በየጓሮው መቆም ሲጀምር፣ የዚህን ብድር ጫና በመጠኑ አቃልሏል።

አሁን ደግሞ ወደ ልብሱ እንለፍ። ጥጥ የቆላ ምርት ነው፤ ለደገኛው በገበያ ካልሆነ አይገኝም። የመንዝ በግ ግን ብርድ የጠናበት ባለጠጉር በግ ነው። ጠጉሩ ይሸለታል፣ ይፈለቀቃል፣ በሴቶች እጅ በእንዝርት ይፈተላል፣ ከሸማኔው ጉድጓድ ገብቶ ባና፣ ዝተትና በርኖስ ይሆናል። ከጥቁር በግ ጠጉር የሚሠራው የመንዝ በርኖስ ዝናብና ውርጭ የሚመክት ካባ ነው። ሲያረጅም አይጣልም፤ ይጠቀማል፣ ይጣፋል፣ በመጨረሻም ምንጣፍ ይሆናል። በዚህ ሥራ ውስጥ ለኪነ ጥበብ ሰዎቻችን የሚሆን ትምህርት አለ። የበርኖሱ ውበት ለጌጥ ታስቦ የመጣ አይደለም፤ ከጠጉሩ የተፈጥሮ ቀለም፣ ከፈትሉ ጥንካሬና ከአገሩ ብርድ የተወለደ ነው። ያም ሆኖ ሸማኔ፣ ቀጥቃጭና ፋቂ በአገራችን ለረጅም ዘመን ሲናቁ ኖረዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው የንቀቱን ጥልቀት ያሳያል። ልብሱን እየለበሱ የሠራውን እጅ መናቅ፣ የራስን የቁጠባ ምንጭ በራስ እጅ ማድረቅ ነበር።

በጉ ጠጉር ብቻ አልነበረም፤ የገበሬው ተቀማጭ ገንዘብም ነበር። ግብር ሲጠየቅ፣ ጨውና በርበሬ ሲያልቅ፣ ሐዘን ወይም ሠርግ ሲመጣ አንድ በግ ወደ ገበያ ይነዳል። ይህ ተቀማጭ ራሱን ያራባል፤ በእግሩ ሄዶ ሣሩን ይፈልጋል። ነገር ግን አደጋም አለበት። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ጣሊያኖች በምፅዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የመጣው የከብት ዕልቂት በሽታ አገሩን ሲያዳርስ፣ በሬ ያጣው ገበሬ ማረስ አቃተው፤ ዘመኑም «ክፉ ቀን» የሚል ስም ይዞ እስከ 1884 ዓ.ም. ዘለቀ። ንጉሠ ነገሥቱ በሬ ያለቀበት ሕዝብ በዶማ እየቆፈረ እንዲዘራ ያዘዙት፣ ራሳቸውም ዶማ ይዘው ምሳሌ የሆኑት በዚያን ጊዜ ነው።

የ1977 ዓ.ም. ድርቅ ሲመጣም ወሎንና ትግራይን ብቻ ሳይሆን ሰሜን ሸዋንም ነክቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ እያንዳንዱ ቤት የቆጠበውን በግ ይዞ ወደ ገበያ ይወጣል። ሁሉም ሻጭ ሲሆን የበጉ ዋጋ ይወድቃል፤ ሁሉም እህል ፈላጊ ሲሆን የእህሉ ዋጋ ይሰቀላል። ትናንት ብዙ ቁና ገብስ ያወጣ የነበረ በግ ዛሬ ጥቂት ብቻ ያወጣል። ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሰን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው የረኃብ ጥናቱ ከመረመራቸው ጉዳዮች አንዱ የ1965 እና የ1966ቱ የወሎ ረኃብ ነበር፤ ከጥናቱም የምንረዳው ሰው የሚራበው እህል ከአገር ስለጠፋ ብቻ ሳይሆን ያለው ሀብት እህል የመግዛት ኃይሉን ሲያጣ ጭምር መሆኑን ነው። እንግዲህ አንድ ቤት ብቻውን የቆጠበው፣ ችግሩ የሁሉም በሆነ ቀን ብቻውን አያድነውም።

የመንዝ አባቶች ይህን እውነት በሣር ላይ አውቀውት ነበር። ከመሐል ሜዳ ወደ ምሥራቅ፣ ምድሩ ወደ ይፋት ቆላ ከመገደሉ በፊት፣ ከ3200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የተዘረጋ የጓሳ ሜዳ አለ። ስፋቱ ከ100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ ይኖሩበታል፤ በርካታ ምንጮችም ይፈልቁበታል። ጓሳ የተባለው ሣር ለቤት ክዳን ከተራ ሣር ይልቅ ዕድሜ አለው፤ ገመድ ይገመድበታል፤ ዝናብ የሚከላከለው ገሳም ይሠራበታል። በድርቅ ዓመት ደግሞ ሌላው መስክ ሲነድድ ይህ ሜዳ የከብቱ መጠጊያ ነው።

ይህን ሜዳ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ያቆየው «ቄሮ» የተባለው ሥርዓት እንደሆነ ይነገራል። አስቦና ጌራ የተባሉ አቅኚ አባቶች ሜዳውን ለሁለት ተካፈሉት፤ ዘራቸውም በየድርሻው ተጠቃሚ ሆነ። ተጠቃሚዎቹ የሚመርጡት አለቃ ይሾማል። ሜዳው ለ3፣ አንዳንዴም ለ5 ዓመት ተከታትሎ ከአጨዳና ከግጦሽ ይዘጋል፤ ጠባቂው ተራ የገባው ተጠቃሚ ራሱ ነው። ሣሩ ሲደርስ፣ በበጋው ወራት፣ የመክፈቻው ቀን ለሕዝብ ይነገራል። መጀመሪያ አጨዳው ይካሄዳል፤ ቀጥሎ ከብቱ ይገባል፤ ክረምቱ ሲመጣ ሜዳው እንደገና ይዘጋል። ሕግ ያፈረሰ ከባድ ቅጣት ይጠብቀው ነበር። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር እዚህ ሥጋ ለብሶ ይታያል።

ይሁን እንጂ ያለፈውን ሁሉ ማወደስ የታሪክ ሥራ አይደለም። ቄሮ በርስት ላይ የቆመ ሥርዓት ነበር፤ ከአቅኚ አባቶች ዘር ያልቆጠረ ሰው ከሜዳው ዳር እየኖረም የባለመብትነት ድርሻ አልነበረውም። የቁጠባው ሸክምም እኩል አልተከፋፈለም። እህሉን በድንጋይ ወፍጮ የፈጨችው፣ ኩበቱን የጠፈጠፈችው፣ ጠጉሩን ሌሊት የፈተለችው ሴት ናት። ቤቱ ከኪሱ ያላወጣውን ገንዘብ እርሷ ከጉልበቷ ታወጣው ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ሲወጣ የርስት መብት አከተመ። አዋጁ ለዘመናት የኖረ የመሬት በደልን ለማስወገድ የወጣ ነበር። ነገር ግን ከርስቱ ጋር ቄሮም ወደቀ፤ የሚዘጋና የሚከፍት አለቃ በመታጣቱ ጓሳው ሁሉም የሚያጭደውና ሁሉም የሚያግጥበት ሜዳ ሆነ። የአዋጁ ፍትሕ ከጓሳው ሕግ ጋር ሳይተዋወቅ ቀረ። የመንዝ ገበሬ በአንድ ቀን አባካኝ አልሆነም፤ ጠባዩ ያው የትናንቱ ነበር። የጎደለው ሕጉ ነው። ጎረቤቱ ነገ እንደሚያጭደው የሚያውቅ ሰው ሣሩን ለከርሞ ቢተወው ጠቢብ ሳይሆን ሞኝ ይባላል።

ሕዝቡ ግን ነገሩን እንዲሁ አልተወውም። በገበሬ ማኅበራቱ አማካይነት አዲስ የጥበቃ ደንብ ተበጀ፤ መብቱም ከዘር ቆጠራ ወጥቶ በአካባቢው ነዋሪነት ላይ ቆመ። ዛሬ ሜዳው የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ፣ ነዋሪዎቹ በሚመርጡት ምክር ቤት ይጠበቃል። አሮጌው ጥበብ አሮጌውን አድልዎ ጥሎ መኖር እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ይህ የመንዝ ብቻ ልምድ አይደለም። ብሪታንያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት እ.ኤ.አ. ከ1940 እስከ 1954 ምግብን በካርድ አከፋፍላለች፤ ሕዝቡ ትንሿን ድርሻ የታገሠው ጎረቤቱም በዚያው ካርድ እንደሚኖር ስላወቀ ነበር። በከተሞቻችንም እቁብና እድር ሲሠሩ የኖሩት በዚሁ ምሥጢር ነው። በ1980ዎቹ ማብቂያ ሥራ የጀመረውና በ2014 ዓ.ም. ጸደይ ባንክ የሆነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋምም ለገጠሩ ሰው ከበግና ከጎተራ ሌላ የመቆጠቢያ በር ከፍቷል። መሣሪያው ይለዋወጣል፤ መሠረቱ ግን መተማመንና ደንብ ነው።

ስለዚህ ኑሮ በተወደደ ቁጥር «ሕዝቡ ይቆጥብ» ብሎ መምከር ብቻውን ሥራ አይሆንም። የመንዝ ቤት መቆጠብን ከማንም አይማርም፤ ሌሎችን ሊያስተምር ይችላል። መጠየቅ ያለበት፣ የሚቆጥበው ሰው የቆጠበውን የሚጠብቅለት ሕግ አለን? ሸክሙስ በማን ትከሻ ላይ ነው? የሚለው ነው። መምህሩ ይህን ጥያቄ ከትምህርት ክፍሉ፣ የሕዝብ አገልጋዩ ከስብሰባው፣ ሠዓሊውና ደራሲው ከሥራቸው ውስጥ ቢያስገቡት፣ ዜና መዋዕል ያላገኙት ጎተራና እንዝርት ጸሐፊ አገኙ ማለት ነው። የመሐል ሜዳ እናት በእፍኟ ስትለካ የኖረችው ገብስ ብቻ አልነበረም፤ የከርሞውን ዘመን ጭምር ነበር።